ሦስት ጊዜ የሚጮኸው የቅሬያችን ኮምፒውተር

የቧንቧ ውሃ ታችኛው መንገድ ቅሬ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።
ቦታ፦ ደሴ፣ የቅሬው (የዕድሩ) የድንኳንና የድስት መጋዘን።
የአየር ሁኔታ፦ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ከውጭ በሙሉ፣ ከውስጥ በሁለት ቦታ ይዘንባል።

የተገኙ፦
1. አቶ ስማቸው፣ ሊቀመንበር
2. ሐጂ በሺር፣ ምክትል ሊቀመንበር
3. ወ/ሮ ፋኢዛ፣ የሴቶች ተወካይ (ፒያሳ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው)
4. አቶ ደሳለው፣ ንብረት ጠባቂ (ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፉትም እሳቸው ናቸው)
5. ሰርካዲስ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ምንይሉ፣ ሂሳብ ሹም፣ ጥርሳቸውን ታመው።

ባለጉዳይ፦ ወ/ሮ ገበያነሽ። በር አጠገብ በተገለበጠ ድስት ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል። በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 11 መሠረት ጸሐፊ ትመዘግባለች እንጂ አስተያየት ስለማትሰጥ አትቆጠርም። ስለዚህ አራት ሆኑ። ሊቀመንበሩ አቶ ምንይሉን ወክለው ሁለት ሰው ሆነው እንዲቆጠሩ ራሳቸው ሐሳብ አቅርበው፣ ራሳቸው ስለደገፉት ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የኮምፒውተሩ ስክሪን ስለመጥቆሩ

ሊቀመንበሩ ለማስታወስ ያህል እንዲህ አብራሩ። ኮምፒውተሩ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለቅሬው የለገሰው ነው። እሱ በመጣ በሳምንቱ ኮሚቴው «ከእንግዲህ ወረቀት ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ስለወሰነ፣ የሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አባወራዎች መዝገብ ወደ ኮምፒውተሩ ተገልብጦ የወረቀቱ መዝገብ እንዲወገድ ተደርጓል። ስሙ በመዝገብ ላልታየ ቤት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ መቃብር አይቆፈርም። ይህ የታወቀ ነው።

ሐጂ በሺር የተወገደው መዝገብ አሁን የት እንዳለ ጠየቁ። አቶ ደሳለው ለወ/ሮ ፋኢዛ ሱቅ መስጠታቸውን ገለጹ። ወ/ሮ ፋኢዛ እርድና ጥቁር አዝሙድ ጠቅልለውበት እንዳለቀ፣ ወረቀቱም ጥሩ ወፍራም እንደነበር መሰከሩ።

ኮምፒውተሩ እስከ ዓርብ ደህና ነበር። ዓርብ ዕለት ጣሪያው ስላፈሰሰ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ከነጠረጴዛው እየተጎተተ ከድስቶቹ መሃል ገባ። በመንገዱም ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቷል። ከዚያ ወዲህ ሲያበሩት መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሆዱ ውስጥም «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጮኻል።

ለማረጋገጥ አቶ ደሳለው አበሩት። ጮኸ። ኮሚቴው በአንድ ጊዜ እንዳይታመን ብሎ ሦስት ጊዜ ስላስደገመው በጠቅላላው አሥራ ሁለት ጊዜ መጮኹ ተቆጥሮ ተመዘገበ።

ሐጂ በሺር ስክሪኑ የተሰካ መሆኑን ጠየቁ። ተሰክቷል። ወ/ሮ ፋኢዛ «መጀመሪያ ይህን ዳንቴል ከፊቱ አንሡለት፤ መጋረጃ ለብሶ ምን ሊያሳያችሁ ነው?» አሉ። ሊቀመንበሩ ዳንቴሉ የተደረገው በኮሚቴ ውሳኔ መሆኑን፣ የሚነሣውም በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ መሆኑን አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዳንቴሉ እንዲነሣ ተወሰነ። ሲነሣም ስክሪኑ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ተገኘ።

ጸሐፊዋ እጅ አወጣች። ሊቀመንበሩ አንቀጽ 11ን አስታወሱ። እጅ ማውጣቷ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል።

አቶ ደሳለው ጥሩምባ በመንፋት ሃያ ሁለት ዓመት ማገልገላቸውን ጠቅሰው ሙያዊ አስተያየት ሰጡ። በቅሬያችን ሕግ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ የሚነፋው ለአዋቂ ሰው ሞት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ለስብሰባ ነው። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ነፍቷል። «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይንገረን? የራሱን መርዶ ራሱ ተናግሯል» ሲሉ ደመደሙ።

ወ/ሮ ፋኢዛ «ወላሂ ደሳለው አንተ ጉድ ነህ! ሞቶ ከሆነ ማነው የሚጮኸው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ደሳለው «ጥሩምባም ሲነፋ የሞተው ጥሩምባው አይደለም» ብለው መለሱ። ሐጂ በሺር ጥቂት አስበው «እንዲያ ከሆነማ ውስጡ ያለ አንድ ነገር ነዋ የሞተው» አሉ።

ጸሐፊዋ እጅ አወጣች። ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ ሟቹ አባል ነው ወይስ ንብረት የሚለው መጀመሪያ እንዲለይ ጠየቁ። ንብረት ከሆነ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ መዝገቡ ግን ያለው እሱው ውስጥ ነው። አባል ከሆነ ድንኳን ይገባዋል። ሐጂ በሺር «የኛ ከሆነ ዛሬውኑ ነው የሚቀበረው፣ አይቆይም። የእናንተ ከሆነ ደግሞ ቄስ አስጠሩና እኛም እንሸኘው» አሉ። ሊቀመንበሩ በልገሳው ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ እንደሌለ አረጋገጡ። ወ/ሮ ፋኢዛ «ያ ረቢ!» አሉ። ቃላቸው እንዳለ ተይዟል።

ውሳኔ 1፦ ኮምፒውተሩ በጊዜያዊነት እንደሞተ እንዲቆጠር፣ እስከዚያው ማንም ሰው እንዳይነካውና እንዳይከፍተው በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። ከድጋፉ ሁለቱ የሊቀመንበሩ ናቸው።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሮ ገበያነሽ አቤቱታ

ወ/ሮ ገበያነሽ ከድስቱ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። ባለቤታቸው አቶ ገብረ ማርያም ባለፈው ጥር አርፈዋል። አባልነቱ ወደ እሳቸው ስም የዞረው በየካቲት ነው፤ ያኔ የወረቀቱ መዝገብ ተወግዶ ስለነበር ዝውውሩ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። አሁን እናታቸው ታመዋል። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፣ ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። «እናቴ ቀኗ ቢደርስ ሰው ይቁምላት ነው የምለው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። አባል ነሽ የሚል አንድ ወረቀት ስጡኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ በጉዳዩ ከልብ ማዘናቸውን፣ ነገር ግን ስማቸው በመዝገብ ሳይታይ ወረቀት መስጠት እንደማይቻል ገለጹ።

ወ/ሮ ገበያነሽ «አቶ ስማቸው፣ የባሌን ቃሬዛ እኮ ከፊት የያዙት እርስዎ ነዎት!» አሉ።

ሊቀመንበሩ እንደ ጎረቤት በደንብ እንደሚያስታውሱ፣ እንደ ሊቀመንበር ግን ማስታወስ እንደማይችሉ አስረዱ።

ሐጂ በሺር «እኛ አራታችን እናውቃታለን፣ አይበቃም?» አሉ። አቶ ደሳለው ሳይመዘገብ የነፉት ጥሩምባ ባለፈው ክረምት ያመጣባቸውን ነቀፋ አንሥተው፣ በመዝገብ ያላዩትን ስም ዳግመኛ እንደማይነፉ ተናገሩ። ወ/ሮ ፋኢዛ ወደ ወ/ሮ ገበያነሽ ዞረው «አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ካለሁ ብቻሽን አትቀሪም» አሉ። ሊቀመንበሩ ይህ የግል አስተያየት መሆኑ እንዲሰመርበት አዘዙ። ተሰምሮበታል።

ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ እጅ ሳታወጣ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሊቀመንበሩ ምንነቱን ጠየቁ። ከወ/ሮ ፋኢዛ ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበት፣ ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ መሆኑን መለሰች። «ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኾ ስክሪኑ ከጠቆረ» ብሎ እንደሚጀምርም አነበበች። ወ/ሮ ፋኢዛ «ቀጥይ እስኪ!» አሉ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱ ማኅተምና ቁጥር የሌለው፣ ስኳርም የነካው ስለሆነ ለኮሚቴ እንደማይቀርብ ወሰኑ። የቀረው ስላልተነበበ አልተመዘገበም።

በዚሁ አጋጣሚ ሊቀመንበሩ በጸሐፊዋ እጅ ላጲስ አይተው፣ ቃለ ጉባኤ በእስክሪብቶ የሚጻፍና የማይሰረዝ ሆኖ ሳለ ላጲስ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ለቃለ ጉባኤው አይደለም ብላ መለሰች። ተጨማሪ ጥያቄ አልቀረበም።

ውሳኔ 2፦ ወ/ሮ ገበያነሽ ስማቸው በመዝገብ እስኪታይ ድረስ በኮሚቴው ልብ ውስጥ አባል ሆነው እንዲቆዩ፣ እናታቸውም ኮምፒውተሩ እስኪሠራ እንዲታገሡ በደብዳቤ እንዲነገራቸው ተወሰነ። ወ/ሮ ገበያነሽ ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ። ደብዳቤ የሚጻፈው በኮምፒውተር ስለሆነ ቀኑን መግለጽ አልተቻለም።

ሐጂ በሺርና ወ/ሮ ፋኢዛ ለዙሁር ሰላት ሲወጡ ዕረፍት ሆነ። ሊቀመንበሩ ሁለት ሰው በመሆናቸው ብቻቸውን መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ደንቡን ገለጡ፤ አላገኙትም። በዕረፍቱ ወ/ሮ ገበያነሽ በዝናቡ ሮጠው እናታቸውን አይተው ተመለሱ። ጥቂት ውሃ ወስደዋል አሉ። ይህ አጀንዳ ስላልነበረ ውይይት አልተደረገበትም።

አጀንዳ 3፦ ኮምፒውተሩን ኮምቦልቻ ስለመውሰድ

አቶ ወንድምአገኘሁ ለተባሉ፣ ኮምቦልቻ ቴሌቪዥን ለሚጠግኑ ባለሙያ ተደውሎ ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። ባለሙያው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሳይጠይቁ፣ ችግሩ የደሴ ብርድ መሆኑን ተናገሩ። «እዚያ ጭጋግ ውስጥ ሰውም አይታይ እንኳን ስክሪን። ወደኛ አውርዱት፣ ፀሐይ ሲነካው ራሱ ይከፍታል» አሉ።

ሊቀመንበሩ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የደሴ ኮምፒውተር ኮምቦልቻ ወርዶ ድኖ ቢመጣ ለሰፈሩ የሚያመጣውን ስም አሳሰቡ። ሐጂ በሺር «እኔ ራሴ ጉልበቴን ሲያመኝ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ነው የምከርመው፤ ማን ሰደበኝ?» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ መውሰዱ ተቀባይነት አገኘ። ሆኖም ውሳኔ 1 መንካትን ስለሚከለክል እንዴት እንደሚነሣ ጥያቄ ተነሣ። አቶ ደሳለው በድንኳን ተጠቅልሎ ቢነሣ ሰው የሚነካው ድንኳኑን እንጂ ኮምፒውተሩን ስላልሆነ ውሳኔው አይጣስም አሉ። ወ/ሮ ፋኢዛ በዚያው ቀን ሰው ቢሞት ድንኳኑ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። አቶ ደሳለው «ኮምፒውተሩ ሳይሠራ ለማን ይተከላል?» ሲሉ መለሱ።

ውሳኔ 3፦ ኮምፒውተሩ በድንኳን ተጠቅልሎ ሦስት ሰው ባለው ልዑክ ኮምቦልቻ እንዲወርድ ተወሰነ። በሚኒባሱ ከሹፌሩ ጎን ማን ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ አርባ ደቂቃ ወስዶ በይደር ታለፈ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሐጂ በሺር ደንቡን ሲያገላብጡ አንቀጽ 14ን አገኙ። አንቀጹ ሊቀመንበሩ ራሳቸው በመስከረም ያስገቡት ሲሆን፣ ማንኛውም የኮሚቴ ውሳኔ በኮምፒውተር ተጽፎ ታትሞ ማኅተም ካላረፈበት እንዳልተወሰነ ይቆጠራል ይላል። ሐጂ «እንግዲያው ከጠዋት ጀምሮ ምን ስንሠራ ዋልን?» ብለው ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ አንቀጹን ተቀብለው አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ። አቶ ደሳለው አንቀጽ 14 ለዛሬ ብቻ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረቡ። እሱንም ለማንሣት የታተመ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ ተገልጾ ሐሳቡ ወደቀ።

ውሳኔ 4፦ ከረጅም ውይይት በኋላ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ እጅ አወጣች። ሊቀመንበሩ አንቀጽ 11 ሲሉ፣ አስተያየት ሳይሆን ጥያቄ መሆኑን ተናገረች። ጥያቄ እንደማይከለከል ሐጂ በሺር ከደንቡ አሳዩ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካና እንዳይከፍት የሚለውም ቀርቷል ወይ ብላ ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ «ሁሉም አልኩ እኮ! ዳንቴሉም ይመለስ። እንደዚያው ጻፊው» አሉ።

እንደዚያው ተጽፏል።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሣ። ወ/ሮ ገበያነሽ ድስቱን መልሰው አቃንተው ወጡ።

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ሐምሌ 21 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ የቃለ ጉባኤውን ደብተር ቁም ሣጥን ለማስገባት መጋዘኑን በያዘችው ቁልፍ ከፈተች። ዝናቡ አባርቷል። በእጇ ላጲስ፣ ከቤቷ ያመጣችው ብሎን መፍቻና ስኳር የነካው ወረቀት ነበሩ። ያልተነበበው የወረቀቱ ክፍል «ከፍተህ የማስታወሻ ካርዱን ንቀል፤ ጥርሱን በላጲስ ጠርገህ አጥብቀህ መልሰህ ስካው» ይላል። የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳ ነቀለች። ዳንቴሉን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረች። ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ ስላልነበረ ቃለ ጉባኤ አልተያዘለትም።

ይህ ቃለ ጉባኤ በአንቀጽ 14 መሠረት በቅሬው ኮምፒውተር ተጽፎ በሦስት ቅጂ ታትሟል።

አባሪ፦ ከአባላት መዝገብ የታተመ አንድ ገጽ። ተራ ቁጥር 147። ወ/ሮ ገበያነሽ፣ በባለቤታቸው በአቶ ገብረ ማርያም ምትክ። በቤቱ ያሉ ሰዎች፦ ሁለት፣ ራሳቸውና እናታቸው።