የአስር አለቃ ፋሻ እጆች

ጦር ሜዳ የዋለ ድሬሰር የሌለበት ሰፈር አለ ቢሉኝ እኔ አላምንም። ቢፈለግ አይጠፋም። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ወደየእርሻውና ወደየሱቁ ሲበተን፣ ቁስል አሳሪውን ብቻ «በቃ፣ አንተም ሂድ» ያለው ሰው የለም መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

የኛው አስር አለቃ ፋሻ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ጡረታ የሚከፍላቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ክቡርነታቸው ቁመታቸው አጭር ነው፣ ድምፃቸው ረጅም። ኪሱ የበዛ የሸራ ቦርሳ ከትከሻቸው አይወርድም። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡም ይዘውት ነው። ውስጡ ፋሻ አለ፣ መቀስ አለ፣ አዮዲን አለ፣ ደም ማቆሚያ ላስቲክ አለ፣ አንድ ቀለሙ ቶሎ የማይለቅ እስክሪፕቶም አለ።

እስክሪፕቶ ለምን ትሉኝ ይሆናል። ጦር ሜዳ የሚደማ እጅ ወይም እግር በላስቲክ ጠፍንገው ሲያስሩ፣ የታሰረበትን ሰዓት ቁስለኛው ግንባር ላይ ይጽፉ ነበር አሉ። ላስቲኩ ከቆየ እግሩ ይሞታላ! ኋላ የሚቀበለው ሐኪም አይቶ እንዲያውቅ ነው። መልካም። ግን ሰፈራችን ጦር ሜዳ አይደለም። ሥጋ ሻጩ ጣቱን ቢላ ጫር ቢያደርጋት፣ ክንዱን እስከ ብብቱ አስረው ግንባሩ ላይ ሰዓት ጻፉበት። ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ገዢው ሁሉ «የዛሬ ዋጋ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅበት ከረመ።

ደግሞ አንድ ነገር አላቸው፤ «መሞት ክልክል ነው!» ይላሉ። ጉንፋን ለያዛቸው አሮጊትም ይኸው ነው።

«እማማ፣ መሞት ክልክል ነው! ትዕዛዝ ነው!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አስነጠሰኝ እንጂ ማን ሞተ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!»

አንድ ቀን በራቸው ላይ አብረን ተቀምጠን፣ እዚያም እንዲህ ይሉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ ጠያቂ ሰው አይደለሁም፤ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ።

«ከተኩሱ በላይ ጮኼ ነዋ» አሉኝ።

«ታዲያ ይሰሙዎት ነበር?»

ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «ሁሉም ትዕዛዝ አክባሪ አልነበረም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጠይቄ አላውቅም።

እና ሰፈሩ ችሏቸው ይኖር ነበር። ነገር የመጣው ሴት ልጃቸውን ሊያገባ ያሰበው ልጅ አባቱን ይዞ ምሳ የመጣ ዕለት ነው። አባትየው ብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፤ ሱፍ ለባሽ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲቀመጡ ወንበሩ የሚያመሰግናቸው የሚመስላቸው ሰው። እኔ ወንበር ያዋስኩ ስለሆነ በዚያው ተጋብዤ ነበር። ብርጭቆ ተሰበረና የነጋዴውን መዳፍ ቧጨረ። «ምንም አይደለም» ብለው ሳይጨርሱ፣ አስር አለቃ ጠረጴዛውን ተሻግረው ምንጣፍ ላይ አጋድመዋቸዋል። ያ ሱፍ እጅጌው በመቀስ እስከ ትከሻ ተቀደደ። ክንዳቸው ታሰረ። ግንባራቸው ላይ ሰዓት ተጻፈ።

ሰውየው ተነሥተው መስታወት አዩ።

«እኔ ልጄን ለሰው ልድር መጣሁ እንጂ ለእብድ ቤት አልሰጥም!» ብለው ወጡ።

የልጅቷ ለቅሶ በግድግዳው በኩል እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አስር አለቃ ያን ሰሞን ድምፃቸው ጠፋ። ስንት ሰው መሃል ገብቶ፣ ልጁም አባቱ እግር ላይ ወድቆ ለምኖ፣ በመጨረሻ «ሰውዬው እጁን ከሰበሰበ ይሁን» ተባለ። አንዲት ጥፋት ብትገኝ ግን ልጄን ይዤ እወጣለሁ ብለዋል ነጋዴው።

የአስር አለቃ ሚስት ልብስ ሰፊ ናቸው። ያንን የተቀደደ እጅጌ አስመጥተው ራሳቸው ሰፍተው ላኩ። ቦርሳውን ደግሞ ለእኔ አመጡት። «የኔ ልጅ፣ ደብቅልኝ። ልጄ በፋሻ ምክንያት ቆማ አትቀርም» አሉኝ። ከዚያ ከኋላቸው ወደ ቆሙት ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ሠርጉ ላይ ሰው ቢወድቅ እንኳ አይተህ እንዳላየህ!»

«ቢሞትስ?»

«ፈቅጄለታለሁ!»

የሠርጉ ዕለት አስር አለቃ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ተቀመጡ። ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። አንዲት አክስት ትን አላት። አስር አለቃ አልተነሡም። አስተናጋጁ ትኩስ ወጥ እጁ ላይ ደፋ። አልተነሡም፤ ብቻ ላብ በላብ ሆኑ። ሚስታቸው ከማዶ ዓይናቸውን ተክለውባቸዋል።

ይሄኔ የድምፅ ማጉያው «ጧ!» ብሎ ፈነዳ።

አዳራሹ በጭስ ተሞላ። ሰው ሁሉ ወደ በር ጎረፈ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ፤ ስለዚህ ከሁሉም የበለጠ ያየሁት እኔ ነኝ። አስር አለቃ ወደ በርም አልሮጡ፣ ወደ እኔም አልመጡ። የሙሽራውን አባት ከነወንበራቸው ገልብጠው በሙሉ ገላቸው ተኝተውባቸዋል። ጭንቅላታቸውን በሁለት ክንዳቸው ሸፍነውላቸዋል።

ጭሱ ገለል ሲል ነገሩ ታወቀ። የማጉያው ሽቦ ተቃጥሎ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሚስትየው አፋቸውን ያዙ። ሙሽራዋ ፊቷን በቬሏ ሸፈነች። በቃ፣ አለቀላት አልኩ።

«ይቅርታዎን» አሉ አስር አለቃ፣ እዚያው እንደተኙባቸው። «እጄን ሰብስቤ ነበር። ገላዬ ነው።»

ነጋዴው ከሥር ሆነው ወደ በሩ አዩ።

«ወንድሜ በዚያ በር ወጣ» አሉ። «ልጄም ሚስቱን ትቶ በዚያው ወጣ። አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቅርቤ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው መጀመሪያ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ያየ የለም። አቧራቸውን ሳያራግፉ አስር አለቃን ወገባቸውን ይዘው አስነሡና ወንበራቸውን ስበው ከራሳቸው ወንበር ጋር አጋጠሙት።

«ተቀመጥ፣ አማቼ። በሉ ሙሽራውን ከደጅ ፈልጉልኝ፣ ሠርግ አለበት!»

እኔ ከጠረጴዛ ሥር ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቦርሳውን ይዤ ስመለስ ሚስትየው በር ላይ ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ቆመሃል? አቀብለው እንጂ! በዚህ ግፊያ ስንቱ ጉልበቱን ተላጠ» አሉኝ።

ለአስር አለቃ አቀበልኳቸው። ያን ቦርሳ ሲያንጠለጥሉ እኔን ቀለለኝ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ቦርሳው አልጋዬ ሥር ተደብቆ በከረመበት ሳምንት፣ ደረጃ ስወርድ እንኳ ግድግዳ ይዤ ነበር የምወርደው።