ከፕሮፌሰሩ የሸሸሁባቸው ሰባት ዓመታት

ሰው ከሰው የሚሸሽበት ምክንያት ብዙ ነው። ከንስሐ አባቱ የሚሸሽ አለ፤ ከአማቱ የሚሸሽ አለ፤ ሽማግሌ ልኮ ሐሳቡን የቀየረ እንደሆነማ የሚሸሸው ከቀበሌው ሕዝብ ሁሉ ነው። እናንተም ከማን እንደምትሸሹ ታውቃላችሁ፤ አልጠይቅም። እኔ የምሸሸው ከሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር።

ፕሮፌሰሩ በዘመናቸው ብዙ የዶክትሬት ተማሪ አማክረው አስመርቀዋል። ሳይጨርስ የቀረ እኔ ብቻ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ግማሽ ሰጥቻቸው፣ «ዋናውን ማረጋገጫ በሁለት ሳምንት አመጣለሁ» ብዬ ፍኖተ ሰላም ገባሁና ማስተማር ጀመርኩ። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ዓመት ሆነ። ይባስ ብሎ እርሳቸው ጡረታ ወጥተው የትውልድ አገራቸው ቡሬ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ለቅሶ ልደርስ ብሄድ እንኳ፣ ድንኳኑን በቀዳዳ ሳላይ አልገባም።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ግድ ሆነብኝና ወደ ቡሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኋላ ወንበር ላይ፣ ጋቢ እስከ አናታቸው የተከናነቡ ሰውዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንኩሳ ስንደርስ ሰውዬው ድንገት «ወራጅ አለ!» አሉ።

«አባባ፣ ቡሬ ብለው አይደል የተሳፈሩት?» አለ ረዳቱ።

«ቀየርኩ!» ብለው ሲጣደፉ ጋቢያቸው የወንበሩ ብረት ላይ ተያዘና ተገለጡ።

ፕሮፌሰሩ!

«ፕሮፌሰር፣ ያ ማረጋገጫ እስካሁን አላለቀም...» ብዬ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። የሰጠኸኝን ጽሑፍ አላነበብኩትም። ሰባት ዓመት ካንተ ስሸሽ ኖርኩ። ለጥምቀት ፍኖተ ሰላም መጥቼ፣ አይቼህ ከባጃጅ ኋላ ተደብቄያለሁ።»

ከፊታችን ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት ዞር አሉ። «ኧረ በማርያም! እሱ ካልጨረሰ፣ እርስዎም ካላነበቡ፣ የሚያሯሩጣችሁ ምንድን ነው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ ፕሮፌሰሩም ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሠርጉ ማግስት ቤታቸው ጠሩኝ። መነጽራቸውን ሰክተው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አነበቡ፤ እኔ እንደ ተከሳሽ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ከት ብለው ሳቁ።

«ሰባት ዓመት ማረጋገጥ ያቃተህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ነገሩ ውሸት ነው! አሁን ውሸትነቱን አረጋግጥና ተመረቅ፤ እሱም ዶክትሬት ነው።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ወጣትነቴን የበላው ነገር እኮ ነው! እርሳቸው ግን ሻይ እየቀዱልኝ፣ «ለመሆኑ ይህን የማይሆን ግምት ማን ነው ሥራበት ያለህ?» አሉኝ።

የሰጡኝ እርሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ታላቅ አክብር ተብዬ ያደግሁ ጎጃሜ ነኝ።

«ከአንድ ትልቅ ሰው ሰምቼ ነው» አልኳቸው።