ሊቀ ፀሐይና የአሸዋው ክምር

ቤት ሲጀመር ከአሸዋውም ከድንጋዩም ቀድሞ የሚደርስ፣ ማንም ያላዘዘው ነገር ቢኖር አማካሪ ነው።

የልብስ ሰፊዋ አማካሪ የአጥር ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ከኋላቸው ግን ሰፈሩ በሙሉ «ክቡር ሊቀ ፀሐይ» ይላቸዋል። ማዕረጉን ያገኙት «ፀሐይ ደመወዝ አትጠይቅም» ከምትለው አባባላቸው ነው። ቀን በቀን ይሏታል፤ ልቅሶ ቤትም ቢሆን አይምሩም።

ልብስ ሰፊዋ ከጓሮ አንዲት ክፍል የምታሠራው ለእናቷ ነው። ስፌት ያስተማሯት እናቷ ብርድ መገጣጠሚያቸውን ይዟቸው፣ ጣታቸው መርፌ አልይዝ ብሏል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው መብራት በሄደ ቁጥር ጌጥ ነው። ስለዚህ ሊቀ ፀሐይ ወፍራም የአፈር ጡብ፣ ረዘም ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ ለጠዋት ፀሐይም አንድ ሰፊ መስኮት ሲያዝዙ ደስ አላት። ክፍሏ ራሷን በራሷ ታሞቃለች ተባለ።

መከራው የመጣው በመስኮቱ ነው። ጣሪያው ከተመታ በኋላ፣ ሰኞ፣ ሊቀ ፀሐይ ከበሩ አጠገብ ይሁን አሉ፤ ግንበኛው ከፈተ። ረቡዕ ፀሐይ ስለሸሸች ሁለት ክንድ ፈቀቅ ይበል አሉ፤ ግንበኛው የፊተኛውን ደፍኖ ሌላ ከፈተ። ቅዳሜ ፀሐይ አሁንም አላረፈችም፤ ሁለተኛውም ተደፍኖ ሦስተኛ ተከፈተ።

ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። እሷ እስከምታውቀው ፀሐይ በየጠዋቱ የምትወጣው በዚያው በኩል ነው። ግን ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው አቅጣጫ ይስታል ብሎ ማን ይናገራል? ያን ሰሞን የደንበኛ ኮት ሁለት ኪስ በአንድ ጎን ሰፋች።

እናቷ ሊገቡ አምስት ቀን ሲቀር ግንበኛው አካፋውን አጋድሞ፣ ሁለታችሁ እስክትስማሙ ሻይ ልጠጣ ብሎ ተቀመጠ። ሊቀ ፀሐይ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከጥላ ጫፍ የሚተክሏቸው ችካሎች ግቢውን ሞልተዋል። ልብስ ሰፊዋ ቢጨንቃት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ለካች። ከዚያ ቀና ብላ ሊቀ ፀሐይን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ የምን ጥላ ነው የሚለኩት?»

«የአሸዋው ክምር ነዋ።»

«አሸዋው እኮ በየቀኑ ልስን እየሆነ ነው።»

ሊቀ ፀሐይ ወገቡ የጎደለውን ክምር አዩ። ችካሎቻቸውን ለቅመው ወጡ። ግንበኛው ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ የእሷን ፊት ሲያይ ዋጠው። እሷም ምን እንደሚሰማት አላወቀችም፤ ተናዳለች፣ ደግሞ አንጀቷን በልተዋታል።

በማግስቱ ማልዳ ስትመጣ ሊቀ ፀሐይ ቀድመዋታል። የተደፈኑትን መስኮቶች በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ የእናቷ አልጋ በሚሆንበት ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበውታል።

«የሰኞው ነው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «የኔም ጉልበት እንደ እናትሽ ነው፣ ልጄ። እሱ አይዋሽም።»

ሌሎቹ ተደፈኑ። ግድግዳው እስከ ዛሬ እንደተጣፈ ሱሪ ነው። እናቷ በገቡ በሦስተኛው ጠዋት ግን ሹራባቸውን አውልቀው መርፌና ክር አምጪልኝ አሉ። ልብስ ሰፊዋ አምጥታ ክሩን ልታስገባላቸው ስትል፣ እናቷ ተቀብለው ራሳቸው አስገቡት።

በሳምንቱ ግንበኛው የተረፈውን አሸዋ ሊያነሳ ጋሪ ይዞ መጣ። ከለከለችው።

«ተወው፣ የጋሼ መሣሪያ ነው» አለችው።