አንድ ቤት ስንት ሰው ይይዛል?

በየሰፈሩ ማንም ሳይመርጠው ከተማ የሚያስተዳድር ሰው አይጠፋም። የዓባይ ማዶው ክቡር ከንቲባ ሕዝቅኤል ይባላሉ። በሥራ ቀን የፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ላፕቶፓቸው ውስጥ መንገድ ይቀድዳሉ፣ መብራት ይዘረጋሉ፣ ሕዝብ ያሰፍራሉ። እዚያው ያለውን የሐይቅ ዳር ለደንገሉ ትተውለታል። «ጌም ነው» ያላቸው ሰው ሰላምታቸውን ያጣል።

ጌሙን የሠሩት ፈረንጆች ለአንድ ቤት ሦስት ሰው መድበዋል። ከንቲባው ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«ሦስት ሰው ብሎ ቤት አለ? ዘመድ ሲመጣ የት ይደር?»

ጎረቤታቸው ግሩም ቁጥሩን እንደ ልብ የሚያስቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም ጫነላቸው። ወዲያው ዘጠኝ አስገቡ።

ከተማው ጉድ ሆነ። ውኃ ጠፋ፤ ቆሻሻ ተከመረ፤ ሬሳ የጫነ መኪና ሁለት ቀን መንገድ ላይ ቆመ። ነዋሪው ጓዙን እየጠቀለለ ይወጣ ጀመር።

«ጋሼ፣ ወደ ሦስቱ ይመልሱት» አለ ግሩም።

«ሰው አስገብቼ ላስወጣ? ይጠጋጉ እንጂ!»

ባጃጅ ውስጥም አራተኛ ሰው ሲመጣ እንዲህ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ነዋሪው መውጣቱን ባያቆም ግን እያዘኑ ስምንት አደረጉት፤ ከዚያ ሰባት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደልጊ ከተማ የምትኖረው እህታቸው ልጅ፣ አደይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብታለች፤ ማረፊያ ግን የላትም። ባለቤታቸው ጽጌ፣ «በሁለት ክፍል አምስት ነን፤ የት ላስተኛት?» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያዝዙት ሰውዬ ሚስታቸው ፊት ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ትምህርቱ ሊጀመር ሦስት ቀን ቀርቶታል።

እሑድ ከሰዓት ጽጌ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ዛሬስ ስንት አደረግኸው?»

«ስድስት። ከዚያ በታች እጄ እምቢ አለኝ።»

«አልተጣሉም?»

«ከትናንት ወዲህ የለቀቀ የለም።»

«ውኃውስ?»

«ይጠፋል… ይመጣል።»

«እሱማ እኛም ጋ ነው።»

ጽጌ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን ያጎነበሰ ማጅራታቸውን ነበር።

«በል፣ ለእህትህ ደውል።»

ደወሉ። እህታቸው «አቤት» ስትል ግን ክቡር ከንቲባው ስልኩን ለጽጌ አቀበሉ።

«አደይን ላኪያት» አለች ጽጌ። «ፍራሽ ግን አስይዣት። ወንድምሽን ታውቂው የለ፤ የራሱን አንሥቶ ይሰጣታል።»