የጥርስ ሐኪሙ በአሮጌው የነዳጅ መስመር ላይ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ጸጥታ፣ ቀይዋ ባለ ሁለት በር የእሽቅድምድም መኪና በጋራዥ ውስጥ ድምፅዋን አጥፍታ በተኛች በሰባተኛው ዓመት፣ የባለቤቷም ፀጉር ከግንባር ወደ ማጅራት መሸሽ በጀመረ በአራተኛው፣ ሞዓ ዝገት ዘእምነገደ ጋራዥ፣ ሠዓሬ ሕማመ ስን፣ የመንጋጋዎች ሁሉ አስተዳዳሪ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቁርሳቸውን በወጉ ሳይጨርሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። የቤቱ እመቤት፣ የሐኪሙ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት ክፍል ግን የላቸውም። መኝታ ቤት ጥግ ላይ እየሰፉ፣ ደንበኞቻቸውን በኮሪደር ከጃንጥላው አጠገብ አቁመው እየለኩ፣ አልጋቸውም ክር በክር ሆኖ፣ ጋራዡን ግን የማትንቀሳቀስ መኪና እንደ ጡረተኛ ሹም ተንሰራፍታበት ሲያዩ ከረሙ። ትዕግሥት ቢበዛም ያልቃልና፣ ከዘመቻው ቀን በፊት በነበረው ማታ፣ በእራት ገበታ ላይ ማንኪያ በብርጭቆ መትተው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ይቺ መኪና ነገ ጀምበር ሳትጠልቅ እናቴን አሳፍራ አደባባዩን ዞራ ካልተመለሰች፣ እሑድ ጠዋት አሮጌ ብረት ገዢው ይጠራል። ጋራዡም የኔ ይሆናል። አለቀ!»

ሐኪሙም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ቀይዋን መኪና ይወዷት ነበርና ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈሩ። እመቤቲቱን ገና እጮኛቸው ሳሉ ወደ ቤታቸው ያደረሱባት እርሷ ነበረች። እመቤቲቱ ግን ከዚያ ቀን የሚያስታውሱት ከኋላ ሆነው መግፋታቸውን ብቻ ነው።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ። የኋላ ደጀን አዛዥ፣ አማት፣ የእመቤቲቱ እናት፣ ቦርሳቸውን በጭናቸው ይዘው፣ ካፖርታቸውንም እስከ አንገት ቆልፈው፣ ለጉዞ ዝግጁ ሆነው በጋራዡ ደጃፍ በወንበር ተሰየሙ። ዋና አማካሪ ጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ መኪና ኖሮት ስለማያውቅ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የዘመቻውን ወሬ ሲሰማም የአንድ ደንበኛውን ጢም በግማሹ ላጭቶ፣ «መጣሁ» ብሎ ጥሎት መጥቷል። የጦር መሣሪያውም ይህ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሐኪሙ «አንድ ቀን» እያሉ ገዝተው ያስቀመጧቸው አዲስ ባትሪና አዲስ የነዳጅ መስመር ዕቃዎች፣ እንዲሁም ከክሊኒክ የመጡ ባለ ረጅም እጀታ ትንሿ መስታወት፣ ወረንጦ፣ በግንባር የሚታሰር መብራትና አንድ ንጹሕ የሕመምተኛ ሽርጥ፤ ይህም ቀለሟ እንዳይጫር በቀይዋ ጭቃ መከላከያ ላይ ተነጠፈ።

ሐኪሙም ኮፈኑን ከፍተው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ከልማድ ብዛት ለመኪናይቱ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ትንሽ ይጠዘጥዝሻል። ሲያምሽ እጅሽን አንሺ።»

እጅም አላነሣችምና ሥራው ተጀመረ። ከታንኩ የወጣው ቤንዚን ከመቆየቱ ብዛት የከረመ ቀለም ይሸት ስለነበር አማት አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። የጎማ ቱቦው በእጅ ሲነካ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ማጣሪያው ዝገት ጠግቦ ነበር፤ የነዳጅ ፓምፑ ልባስ ተሰነጣጥቆ፣ ካርቡሬተሩም ውስጡ በሙጫ ተለብጦ ተገኘ። ሐኪሙ የነቀሉትን ሁሉ አንድ በአንድ በመብራት እያዩ፣ ለአማትም እያሳዩ፣ አማትም «እሰይ፣ ከነሥሩ ወጣ!» እያሉ፣ አዲሱ ቱቦ በአሮጌው ስፍራ ገባ፣ አዲሱ ማጣሪያ ተተካ፣ አዲሱ ፓምፕ ታሰረ፣ ካርቡሬተሩም ታጥቦና ታሽቶ አዲስ መርፌና አዲስ ላስቲክ ተበጀለት። ፀጉር አስተካካዩም ዕቃ ሲሉት ሌላ ዕቃ እያቀበለ ድርሻውን ተወጣ።

በመጨረሻም የነዳጅ ታንኩን ክዳን ሊያጸዱ ቢያነሡት፣ በመካከሉ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀዳዳ ሲያሳድዱ የኖሩ ናቸውና ደማቸው ፈላ። «ቀዳዳ አይቼ አላልፍም!» ብለው አወጁ፤ ከክሊኒኩ ሻንጣም ጊዜያዊ ሙሌት አውጥተው፣ ጠቅ ጠቅ አድርገው ደፈኑት፤ ወልውለውም አለሰለሱት። ፀጉር አስተካካዩ አይቶ «ይሄ ነው ሥራ!» አለ። ይህ ቃል ለትውልድ ይቀመጥ።

አዲስ ቤንዚን ተሞላ፣ ቁልፉ ተጠመዘዘ፣ ቀይዋም አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም የሰፈሩን መስኮት ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሰጠች። አማት በጠባቡ የኋላ ወንበር ጉልበታቸውን አጥፈው ገቡ። እመቤቲቱም የመርፌ ሥራቸውን አስቀምጠው፣ እንደ ዳኛ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ከፊት ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ በእግሩ እየሮጠ መንገድ ጠረገ።

ታዲያ ደስታና ኮሶ ባንድ ላይ አይዋጥም እንዲሉ፣ አደባባዩ ከሩቅ በታየ ጊዜ መኪናይቱ ሳል ጀመራት፤ ሳሉ ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ጸጥታ ተለወጠ፤ የቆመችውም በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት ሆነ። ከሱቁም ያ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛ ፎጣ በአንገቱ እንዳለ ወጥቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ መግፋት ያዘ። ጥቂት ሲያርፉ ተነሣች፣ ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ደግሞ ተነሣች፣ ደግሞ ቆመች። ፀጉር አስተካካዩም «ነገሩ ባትሪ ነው!» ሲል አወጀ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ጀምበሯ ወደ ጣሪያዎቹ ወርዳለች። ሐኪሙን እንባ እንባ አላቸው፤ የአሮጌ ብረት ገዢው መዶሻ በጆሯቸው ይጮህ ጀመር።

ወበይእቲ ሰዓት፣ ቤንዚኑ አልቆ እንደሆነ ሊያዩ ወደ ኋላ ዞረው ክዳኑን ቢከፍቱ፣ ታንኩ ከውኃ እንደ ወጣ ዋናተኛ አየሩን ስቦ «ስስስስ!» አለ። ይህን እመቤቲቱ ሰሙ። ወርደውም ክዳኑን ተቀብለው አገላበጡ፤ ነጯን ሙሌት ባዩ ጊዜም ወዲያው አወቋት፤ በገዛ አፋቸው የእርሷ እኅቶች ሦስት አሉና። ዝም ቢሉ ጋራዡ የእርሳቸው ነበር። ሐኪሙም ይህን አውቀው በፍርሃት አዩአቸው። እመቤቲቱ ግን ከቀሚሳቸው አንገትጌ መርፌ መዘው፣ ገና ያልጠነከረችውን ሙሌት ጎርጉረው አወጡና በአደባባዩ አፋፍ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጥርስ አይደለም፣ መተንፈሻዋ ነው! እኔ እንኳ ቀሚስ ስሰፋ አንገት ማስገቢያ እተዋለሁ!»

ይህም ምክር ከሞዓ ዝገት የጥበብ ምንጭ የፈለቀ ነው ተብሎ ይጻፍ ዘንድ ጸሐፊው ታዟል፤ ስለዚህ ጽፎታል።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት አልነበረም። ቀይዋ አደባባዩን አንድ ጊዜ ስለ ቃል ኪዳን፣ አንድ ጊዜም ስለ ኩራት ዞረች፤ አማት ከኋላ ሆነው «ንዳው!» ይሉ ነበር፤ ጀምበርም ሳትጠልቅ በቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ሐኪሙም በደረጃው ላይ ወጥተው፣ በቅባት የጠቆረ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ መኪናይቱ መዳኗን አወጁ። ሰፈሩ አጨበጨበ። ወዲያው ግን እመቤቲቱ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ቆሙና የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ቤት ያስተኛናት በሽተኛ ስለነበረች ነው። በገዛ እግሩ የሚሄድ ደጅ ያድራል! ክርና ጨርቄን፣ መስፊያዬን ዛሬውኑ ወደ ጋራዥ አስገቡልኝ!»

አማትም «ልጄ እውነቷን ነው» ብለው ፍርዱን አጸኑ። ሐኪሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንደ ሕመምተኞቻቸውም ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ግን ሚስታቸውን አይተው ሳቅ አሸነፋቸው፤ የመስፊያውንም ከባድ እግር ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ።

እነሆ የሞዓ ዝገት ገድል ይህ ነው። ክብር ወሞገስ ለእርሳቸው ይሁን! ያረጀውን ቱቦ በአዲስ የተኩ፣ የታፈነውን ታንክ ያስተነፈሱ፣ ዝገትን ከነሠራዊቱ የደመሰሱ፣ በአንዲት ቅዳሜ መኪናቸውን አድነው በዚያችው ቅዳሜ ጋራዣቸውን ያስረከቡ፤ እንደ እርሳቸው ያለ ድል አድራጊ ከዚህ በፊት አልተነሣም፣ ሚስቶች እስካሉ ድረስም አይነሣም።