ፖሌን የሚወስድ ሰው

ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሐበሻ አገር ሊለቅ ነው ከተባለ ዕቃው ከእሱ ቀድሞ ይሄዳል። ፍሪጁ ኪሊማኒ፣ ሶፋው ኢስትሊ፣ መጋረጃው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ፣ የስንብቱ እራት ሳይበላ ቤቱ ባዶ ይሆናል። እናንተም ብትሆኑ ከሄደ ሰው የተረፈ አንድ ነገር ቤታችሁ አይጠፋም፤ አትካዱኝ። ፈረስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ፈረስ የሚወስድ አለ?» ብትሉ፣ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ቀጠሮ ትዝ ይለዋል።

እኔ ግን እየዞርኩ ጠየቅሁ። እትዬ አስቴር ለምነውኝ ነው። ሩንዳ ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ወደ ሌላ አገር ተዛውረዋል። ፈረሱን ያገኙት ከድንጋይ ካባ ዳር፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ከእንጨት ጋር ታስሮ ተጥሎ ነው። የማን እንደነበረ የሚያውቅ አልተገኘም። አብልተው፣ አሳክመው፣ ሰውነቱ የሚያብረቀርቅ ዳማ አደረጉት። ስሙን ፖሌ ያለው ዘበኛው ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ለተጎዳ ሰው የሚላት «አይዞህ» ናት። እንደ ፖሌ ያለ ገራም አይቼ አላውቅም። ኮቴውን እንኳ መሬቱን እንዳያመው ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳርፈው።

«የሚወስደው ካልተገኘ ሐኪሙ በመርፌ ቢያሳርፈው ይሻላል ብሏል፤ ተመልሶ ከሚራብ» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።

የሚወስደው ያልተገኘበት ምክንያት ነበረው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ፖሌ ከግቢው ጥግ፣ ከጃካራንዳው ዛፍ ሥር ሄዶ ይቆማል። አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ጋማው ግን ከግንባሩ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይገለጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ይስተካከላል።

«ዝንብ ነው» አሉ እትዬ አስቴር።

ዝንብ ፀጉር ስታበጥር አይቼ አላውቅም። ግን እንግዳ ነኝና «ይሆናል» አልኩ።

መጀመሪያ ያመጣሁት የሞያሌ ተወላጅ የሆነ የኢስትሊ ነጋዴ፣ ለልጆቹ ፈልጎ ነበር። ጋማው ሲገለጥ አየና «ቢስሚላሂ!» ብሎ፣ ያልጮኸ ስልክ እያነሳ ወጣ። ቀጥለው ባልና ሚስት መጡ፤ ጴንጤዎች ናቸው፣ ፖሌን ገና ሲያዩት ወደዱት። ባልየው እጁን ጭኖ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሰ፤ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን «አሜን» አልን። ስንገልጥ የፖሌ ጋማ ላይ አንዲት ቀጭን ሹሩባ ተሠርታለች።

«ማን ነው የሠራት?» አለች ሚስትየው።

ሁላችንም የየራሳችንን እጅ አየን። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ መጡ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ንጎንግ አካባቢ ሻምባ በሚሏት ትንሽ እርሻቸው ላይ ባቄላቸውን እየዘሩ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው የሚሸሹ ሽማግሌ ናቸው። ጃካራንዳው ፊት ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ናት?» አሉ።

«ማን?» አሉ እትዬ አስቴር።

«እሷ ነቻ።»

«ዝንብ ነው ጋሽ ታደሰ።»

«እሺ ልጄ። ሁለቱንም እወስዳለሁ።»

የቅዳሜ ዕለት ሎሪ መጣ። ፖሌ የፊት እግሩን መወጣጫው ሳንቃ ላይ አሳረፈና ቆመ። አንገቱን አዙሮ ጥጉን ያያል። ጎተትነው፣ ገፋነው፣ ካሮት አሳየነው። «ሃታኪ!» አለ ሾፌሩ፤ አይፈልግም። ጋሽ ታደሰ ሁላችንንም በእጃቸው ገለል አደረጉን፤ ፖሌንም ወደ ኋላ መለስ አደረጉት። ከዚያ ከሳንቃው አጠገብ ቆመው፣ ደጃፍ ላይ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው፣ «ይግቡ እመቤቴ፤ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ።

ሳንቃው ሲጥ አለ። ቆይቶ ከፍ ካለው ጫፉ ላይ እንደገና ሲጥ አለ። ሎሪው በጥቂቱ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁ። ይህን ጊዜ ፖሌ ማንም ሳይነካው ተከትሎ ወጣ። ሾፌሩ እስከ ንጎንግ ድረስ የኋላ መስተዋቱን አንድ ጊዜም አላየም አሉ፤ በናይሮቢ ትራፊክ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

እትዬ አስቴርን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ለጋሽ ታደሰ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ፖሌ ደህና ነው፤ ሣሩን ይግጣል፣ እስከ ማድ ቤቱ በር እየመጣ ያንኳኳል አሉ። እትዬ አስቴር አለቀሱ፤ ደስ ብሏቸው ነው። ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉና፣ እኔ የማልሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እሷስ?» አሉ።

«መጀመሪያ ብርዱ አስቸግሯት ነበር» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አሁን የባለቤቴን ጋቢ ሰጥቻታለሁ፤ ተጠቅልላ ትውላለች።»

«ተመስገን!» ብለው መቀመጫቸው ላይ ተደገፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? መንገዱ ተከፍቷል፤ ንዳ እንጂ!»