የሦስት ቀን ስንቅ ወደ አሰብ

እናንተ መንገድን በሰዓት ትለካላችሁ፤ እኛ በስንቅ ነበር የምንለካው። አንድ አገር ስንት ቀን ያስኬዳል ብለን ስንጠይቅ፣ ስንት ሕምባሻ ልጋግር ማለታችን ነው። ቆይ፣ ሳቃችሁን ያዙት፤ ገና አልጀመርኩም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የልጄ የለተብርሃን ባል አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ይዟት ሄደ። ከዚያ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ በአውሮፕላን ይምጡልን ብሎ ከአስመራ አሰብ የሚያደርስ ቲኬት ላከልኝ። በእኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ የመጀመሪያውን ገዓት፣ ያው ገንፎውን፣ የምታገነፋላት እናቷ ናት። እኔ ሳልደርስ ሌላ ሴት ብታገነፋላት ዕድሜ ልኬን ሲቆጨኝ ይኖራል።

ታዲያ ስለ መንገዱ የጠየቅሁት ማንን መሰላችሁ? እዚያው አስመራ፣ ሐዝሐዝ ሰፈር ሻሂ የምትሸጠውን የወሎዋን ጎረቤቴን ዘይነባን። እሷ አሰብን ታውቀዋለች፤ በደሴ ዞራ፣ በአውቶቡስ፣ ሦስት ቀን። አውሮፕላኑስ ቢሆን ያው አሰብ አይደል የሚሄደው ብዬ ለሦስት ቀን ሰነቅሁ። ሕምባሻ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ዘንቢል ሙሉ። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ እያያችሁ ብቻችሁን ትበላላችሁ እንዴ?

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ መጀመሪያ የመዘኑት እኛኑ ነው፣ እንደ ጆንያ። ኪሎዬን ሰው ሁሉ ሰማው፤ ለእናንተ ግን አልነግርም። ቀጥሎ ዕቃዬ፣ የገዓቱ ዱቄትና ቅቤ ከነዘንቢሉ፣ ሚዛን ላይ ወጣ። መዛኙ ጢማም ሰው ነው፤ ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ።

«አደይ፣ እናቴ፣ ሰባት ኪሎ ይበልጣል። ወይ ዱቄቱና ቅቤው ይቅር፣ ወይ ዘንቢሉ።»

«ዘንቢሉ ስንቄ ነው። ሦስት ቀን ምን ልበላ?»

«ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም እኮ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ዱቄቱን ብተው ባዶ እጄን ምን ላደርግ እሄዳለሁ? እህልስ ይጣላል? የሚቀጥለው አውሮፕላን ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ምጥ ሦስት ቀን አይጠብቅም። እዚያው ቁጢጥ አልኩና ነጠላዬን አንጥፌ ዘንቢሉን ፈታሁ። ብሉልኝ አልኳቸው። ነጋዴው በላ፣ ሁለቱ ወታደሮች በሉ፣ ሰልፉ ፈረሰ። መዛኙ ራሱ ሁለት እንቁላል ላጠ። ከዚያ ዕቃዬን እንደገና መዘነና፣ አሁን ልክ ነው፣ ይግቡ አለኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰማይ ላይ ከወጣን በኋላ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ሰዎቹ የተመዘኑት እኮ ሳይበሉ ነው! ሰባቱም ኪሎ አብሮን እየበረረ ነው፣ በየሆዱ ተሸሽጎ። መዛኙ ይህ ጠፍቶት ይመስላችኋል? ሒሳቡ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይቀርበዋል። ዝም አለልኝ እንጂ። ዛሬም ስጸልይ ስሙን ስለማላውቅ «ያ ጢማሙ» እላለሁ፤ እግዚአብሔር መቼም ያውቀዋል።

ሰማይ ላይ የጀመርኩትን ጸሎት ሳልጨርስ አሰብ ደረስን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። ለተብርሃን አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ሆዷ ቀድሟት። አልወለደችም። መሬቱን ሳምኩ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ መጀመሪያ ያለችኝ፣

«እማ፣ ሕምባሻ አመጣሽልኝ? ወር ሙሉ አምሮኛል።»

ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም።

ለሕምባሻዋ ጊዜ ተርፎናል። እዚያው ጋገርኩላት፣ ደጋግሜ። በሁለት ሰዓት ተጣድፌ የደረስኩለት ሕፃን ዘጠኝ ቀን አስጠበቀን። ገዓቱን እኔው በእጄ አገነፋሁት፣ ተመስገን። ያ ልጅ ወደዚህ ዓለም የሚመጣበት መንገድ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ግን ዘይነባም ጢማሙም ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር።